ቦይለር ከመቀየርዎ በፊት የጋዝ ቆጣሪዎን ያንብቡ

በእንግሊዝ አገር የቤት ማሞቂያ ቦይለር የሚቀይሩ ብዙዎች የአሮጌውን ያህል ወይም፣ ለጥንቃቄ በሚል፣ ከዚያም የበለጠ ጉልበት ያለው ይገዛሉ፤ ይሁንና ከቤቱ ፍላጎት በላይ የሆነ ቦይለር ቶሎ ቶሎ እየበራና እየጠፋ ጋዝ ያባክናል። ስለዚህ ቤትዎ የሚፈልገውን ጉልበት ለማወቅ በጥር ብርድ፣ ቤቱ ቀኑን ሙሉ እኩል በሚሞቅበት ዕለት፣ የጋዝ ቆጣሪውን አንብበው ልክ ከ24 ሰዓት በኋላ ደግመው ያንብቡ። አንድ ሜትር ኩብ ጋዝ ወደ 11 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ስለሚሰጥ፣ በ24 ሰዓት 12 ሜትር ኩብ (132 ኪሎዋት ሰዓት) የፈጀ ቤት በአማካይ የተጠቀመው 5.5 ኪሎዋት ብቻ ነው፤ ለባሰ ብርድ መጠባበቂያ ቢጨመርበት እንኳ ከተለመደው የ24 ኪሎዋት ቦይለር ጉልበት እጅግ ያንሳል። የቧንቧ ውሃንም በቅጽበት የሚያሞቀው ኮምቢ ቦይለር ግን ለሻወር ከፍተኛ ጉልበት ስለሚፈልግ በዚህ ስሌት ብቻ አይመረጥም፤ ለእርሱ ሻጩን መጠየቅ የሚገባው እስከ ስንት ኪሎዋት ዝቅ ብሎ መሥራት እንደሚችል ነው።