የፖከር ካልኩሌተር ሲያሳስት፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

የፖከር ካልኩሌተር፣ ማለትም የያዛችሁት ካርድ የማሸነፍ ዕድሉ ስንት እንደሆነ የሚያሰላ ፕሮግራም፣ ስሌቱን ራሱን የሚስተው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። የሚያከስረው ያስገባንለት ነገር ነው፦ የተጋጣሚ ብዛት፣ የካርድ ዓይነት (ልብ፣ ዳይመንድ፣ ጦር፣ አበባ)፣ የፖቱ (መሃል የተሰበሰበው ውርርድ) መጠን። ስለዚህ አፑን አጥፍታችሁ ሌላ ከማውረዳችሁ በፊት ያስገባችሁትን ደግማችሁ እዩ። ምሳሌዎቹ በሙሉ የቴክሳስ ሆልደም፣ እያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርድ የሚይዝበት የፖከር ዓይነት፣ ናቸው። ካልኩሌተራችሁ ኦማሃ (አራት ካርድ የሚያዝበት ዓይነት) ላይ ተደርጎ ከሆነ ምንም ብታስገቡ መልሱ አይገጥምም፤ መጀመሪያ እሱን አረጋግጡ።

ምልክት፦ 85 በመቶ ታሸንፋላችሁ ይላል፣ እጁ ግን ደጋግሞ ይበላል

ብዙዎቹ ካልኩሌተሮች ሲከፈቱ አንድ ተጋጣሚ ብቻ፣ ያውም ያገኘውን ካርድ ሁሉ የያዘ ተጋጣሚ አድርገው ይነሳሉ። ጥንድ ኤስ እንዲህ ባለ አንድ ሰው ላይ 85 በመቶ ያሸንፋል። ሁለት ሲሆኑ ወደ 73፣ አራት ሲሆኑ ወደ 56፣ ስምንት ሲሆኑ ወደ 35 በመቶ ይወርዳል። ቁጥሩን በጠረጴዛው ዙሪያ በተቀመጡት ልክ ሳይሆን ገና ፎልድ ባላደረጉት (ካርዳቸውን ጥለው ባልወጡት) ልክ አስተካክሉ፤ ሰው በወጣ ቁጥር ቀንሱ።

ብዛቱን ካስተካከላችሁም በኋላ ትልቁ ስህተት ይቀራል። ሬይዝ ያደረገ (ውርርዱን ከፍ ያደረገ) ሰው ካርዱን አይቶ ነው ሬይዝ ያደረገው። ካልኩሌተሩ ሰርገኛ ብሎ ገምቶለታል፤ እሱ የያዘው ግን የአዴት ማኛ ሊሆን ይችላል። ኤስና ኩዊን ዓይነታቸው የተለያየ ሆኖ በማንኛውም ካርድ ላይ 64 በመቶ ገደማ ያሸንፋሉ። ተጋጣሚው ጥንድ ጃክና ከዚያ በላይ ወይም ኤስ ከኪንግ ጋር ብቻ ይዞ የሚገባ ከሆነ ግን 30 በመቶ እንኳ አይሞሉም። ያው ካርድ፣ ያው ካልኩሌተር ነው።

መፍትሄው ‹‹ሬንጅ›› የሚለውን ሳጥን መክፈትና ተጋጣሚው በዚያ ቦታ ሊይዛቸው የሚችሉትን እጆች መምረጥ ነው። ጥንድ ካርድ በ6 መንገድ፣ ኤስና ኪንግ በ16 መንገድ ይመጣል። እናንተ አንድ ኤስ ከያዛችሁ ኤስና ኪንግ ወደ 12፣ ጥንድ ኤስ ወደ 3 ይወርዳል፤ የያዛችሁትን ካርድ በትክክል ካስገባችሁ ይህን ራሱ ይቀንስላችኋል። በነጻ ቺፕ ጠረጴዛ ላይ ሰው ሁሉ በማንኛውም ካርድ ስለሚከተል ሬንጁን አስፉት፤ ጠበቅ ባለ ጠረጴዛ ላይ አጥብቡት።

ምልክት፦ 35 በመቶ ይላል፣ ኮል ባደረጋችሁ (የተጣለውን ከፍላችሁ በተከተላችሁ) ቁጥር ግን ቺፑ እየሳሳ ነው

ፍሎፑ (መሃል የሚገለጡት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ካርዶች) ሲወጣ አራት ልብ አላችሁ እንበል። ካላያችኋቸው 47 ካርዶች ውስጥ 9ኙ ልብ ናቸው። ካልኩሌተሩ 35 በመቶ የሚለው ተርኑንም (አራተኛውን ካርድ) ሪቨሩንም (አምስተኛውን) ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደምታዩ ቆጥሮ ነው። ተጋጣሚው ተርን ላይ እንደገና ቺፕ ከጣለ ግን ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ። ለሚቀጥለው አንድ ካርድ ብቻ ያላችሁ ዕድል 9 ለ47 ሲካፈል ነው፤ 19 በመቶ። አንዳችሁ ቺፑን ሁሉ አስገብቶ የሚጨምር ሰው ከሌለ 35ን ውሰዱ፤ ካልሆነ 19ን።

ይህን ቁጥር ከምን ጋር እንደምታነጻጽሩትም ወሳኝ ነው። ፖቱ ውስጥ 100 ቺፕ አለ፣ ተጋጣሚው 100 ጣለ፣ እናንተም ለመከተል 100 ትከፍላላችሁ። 100ን ለ200 አካፍሎ 50 በመቶ የሚል አለ፤ ስህተት ነው። የራሳችሁን ክፍያም ደምራችሁ 100ን ለ300 አካፍሉ፤ 33 በመቶ ያስፈልጋችኋል። በ19 በመቶ ይህን መከተል አያዋጣም፣ ልቡ ሲመጣ ከተጋጣሚው ብዙ ቺፕ እንደምትወስዱ እርግጠኛ ካልሆናችሁ በቀር። የጣለው 25 ብቻ ቢሆን ኖሮ 25 ለ150 ነው፤ ከ17 በመቶ በታች ስለሆነ መከተሉ ያዋጣል።

አንዳንዱ ካልኩሌተር በመቶኛ ፈንታ 4 ለ1 ብሎ ይጽፋል። አራት ጊዜ ተሸንፎ አንድ ጊዜ ማሸነፍ ማለት ነው፤ 20 በመቶ እንጂ 25 አይደለም።

ምልክት፦ ያንኑ እጅ ደግማችሁ ስታሰሉ ቁጥሩ ይለያያል

አልተበላሸም። ካርዱን በዘፈቀደ እያደለ ነው የሚቆጥረው። 1,000 ጊዜ ካደለ ውጤቱ 3 ነጥብ ያህል ወደ ላይም ወደ ታችም ሊዋዥቅ ይችላል፤ 10,000 ጊዜ ከሆነ 1 ነጥብ ያህል። ማስተካከያው ውስጥ ቁጥሩን ወደ 100,000 ከፍ አድርጉት። ሁሉንም አንድ በአንድ የሚቆጥር ምርጫ ካለውና የሁለታችሁም እጅ ከታወቀ ደግሞ እሱን ምረጡ፤ ከፍሎፕ በኋላ የሚቀሩት ሁኔታዎች 990 ብቻ ስለሆኑ ስልክም ቢሆን ወዲያው ይጨርሰዋል።

ምልክት፦ መልሱ ፈጽሞ የማይመስል ነው

በትንሽ ስክሪን ላይ ልብና ዳይመንድ፣ ጦርና አበባ ይምታታሉ። ከጨዋታው ማስተካከያ ባለ አራት ቀለም ካርታ የሚለውን ምረጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ዳይመንድ ሰማያዊ፣ አበባ አረንጓዴ ይሆናል።

ምልክት፦ ካልኩሌተሩ ሳይመልስ ሰዓቱ ያልቃል

ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ በሞባይል ዳታ የሚጫወት ሰው ይህን ያውቀዋል፤ በክረምት ነጎድጓድ መብራት ሲሄድና ዋይፋዩ ሲጠፋ ደግሞ ይብሳል። በድረ ገጽ የሚሠራ ካልኩሌተር ኔትወርኩ ሲደክም አብሮ ይቆማል። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ አፕ ዋይፋይ ባለበት አውርዳችሁ አስቀምጡ፤ ዳታ ዘግታችሁም ሞክሩት። የስልኩ ባትሪ ቆጣቢ ከጀርባ ያለውን አፕ እንዳይዘጋውም ለሁለቱም አፖች (ለጨዋታውም ለካልኩሌተሩም) ፈቃድ ስጡ።

እስከዚያው በቃል አስሉ። የሚጠቅሟችሁን ካርዶች ቆጥራችሁ ሁለት ካርድ ሲቀር በ4፣ አንድ ሲቀር በ2 አባዙ። 9 ካርድ በ4 ሲባዛ 36 ነው፤ ትክክለኛው 35። ካርዶቹ ከ8 ሲበልጡ በ4 ማባዛቱ ያጋንናል፣ ስለዚህ ከ8 የበለጠውን ያህል ቀንሱ፦ 15 ካርድ 60 ይሆናል፣ 7 ሲቀነስ 53፤ ትክክለኛው 54 ነው።

ምልክት፦ ከጨዋታው ድርጅት ማስጠንቀቂያ መጣ ወይም አካውንቱ ታገደ

ስክሪኑን ራሱ አንብቦ ‹‹ኮል አድርግ፣ ፎልድ አድርግ›› የሚል ፕሮግራም በብዙ ድርጅቶች የተከለከለ ነው። ካርዱን በእጅ የምታስገቡበትን ተራ ካልኩሌተር አንዱ ሲፈቅድ ሌላው ይከለክላል። ስለ ውጭ ሶፍትዌር የሚለውን የደንብ ገጽ ቺፕ ከማስገባታችሁ በፊት አንብቡ። የተከለከለ ከሆነ በጨዋታው ጊዜ አትክፈቱት፤ ከጠረጴዛው ከተነሳችሁ በኋላ የእጅ ታሪኩን አውጥታችሁ የተጠራጠራችሁባቸውን ሦስት አራት እጆች አንድ በአንድ አስገቡ። ሬንጅ መገመትን ለመማርም ሰዓት የማይቆጥርበት ይህ ጊዜ ይሻላል።