ጠብ ሊነሳ ሲል ቀልዱን ወደ ራሳችሁ አዙሩት

ውጥረትን በቀልድ ለማርገብ ስታስቡ በራሳችሁ ወይም በዕቃችሁ ቀልዱ፤ በተቆጣው ሰው ግን በፍጹም።

ባለፈው ሐሙስ ጅማ ሂርማታ ገበያ አንድ ባጃጅ የአንዲትን እናት የአቮካዶ ቅርጫት ገለበጠ። አቮካዶው መንገዱ ላይ ተበተነ፤ ሦስት ፍሬዎች ጎማ ሥር ገብተው ተጨፈለቁ። እናትየዋ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው ተነሡ፤ ሰው መክበብ ጀመረ። ወጣቱ ሾፌር ወርዶ አንገቱን ደፋ አደረገና «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እናቴ። ይህች ባጃጅ ቁርሷን አልበላችም፤ አቮካዶ ስታይ አላስችል አላት» አላቸው። ለቁጣ የተከፈተው አፍ ሳቅ አመለጠው። እሱም አንድ በአንድ ለቅሞ ቅርጫቱን ሞላ፤ የተጨፈለቁትንም ከፈለ።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ፤ መጀመሪያ አመነ፣ ከዚያ ቀለደ፣ በመጨረሻም ካሰ። ሳያምን ቢቀልድ ኖሮ ንቀት ይሆንባቸው ነበር። የባለትዳሮችን ጭቅጭቅ ለዓመታት ያጠናው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆን ጎትማን፣ እንዲህ ያለውን ውጥረት የሚያረግብ ሙከራ «ጥገና» ብሎ ይጠራዋል፤ ንቀትን ደግሞ ትዳርን ከሚያፈርሱ ነገሮች ዋነኛው ያደርገዋል። እኛም ብንሆን ቀልድን ከአሽሙር ለይተን ነው ያደግነው። «ደግሞ ለዚህች ነው የምትጮሂው?» አሽሙር ነው፤ እሳት ላይ ቤንዚን ነው።

ሰውየው ፈገግ ካላለ አትድገሙት። ላለቀሰ ወይም ለተጎዳ ሰው ደግሞ ቀልዱን ትታችሁ አጠገቡ ተቀምጣችሁ አዳምጡት።