«ሠሩት» ወይስ «ጀመሩት»?

ጎንደር እንግዳ መጥቶባችሁ ፋሲል ግቢን ለምታስጎበኙ፣ አንዲት ነገር ላቀብላችሁ።

እኔ መጀመሪያ ሰሞን «ይህን ማን ሠራው?» ስባል ከአፄ ፋሲል ተነሥቼ በአፄ ዮሐንስ፣ በአድያም ሰገድ ኢያሱ፣ በዳዊትና በበካፋ በኩል አልፌ እቴጌ ምንትዋብ ጋ ስደርስ ሰውዬው ፎቶ ማንሳት ጀምሯል። (እውነቱን ለመናገር እኔም ይደክመኝ ነበር።) በንዴት ሁሉንም ትቼ «አፄ ፋሲል ሠሩት» ማለት ጀመርኩ። አጭር ነው፤ ግን እንግዳው ስድስቱም ነገሥታት ያሳነጿቸው ግንቦች የአንድ ሰው ሥራ መስለውት ይወጣል።

አሁን የምለው «አፄ ፋሲል ጀመሩት፣ ከሳቸው በኋላ የነገሡት እየጨመሩበት ሄዱ» ነው። በቃ። ማብራሪያ ከመደርደራችሁ በፊት ግሱን ፈትሹት፤ «ሠሩት»ን «ጀመሩት» ማድረግ ብቻ የግማሽ ሰዓት ታሪክ ይሸከማል።

«ፖርቱጋሎች አይደሉ እንዴ የሠሩት?» ለሚል ግን አንድ ቃል አይበቃም፤ «አይደሉም» ብሎ መዝጋትም ጎደሎ ነው። በፖርቱጋል ድጋፍ የመጡትን የካቶሊክ ሰባኪዎች፣ ጀስዊት ሚስዮናውያንን፣ በ1630ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከአገር ያስወጡት እኚሁ አፄ ፋሲል መሆናቸውን እነግረዋለሁ። ቀጥዬም በአሠራሩ ከአገሬው ጥበብ ጋር የሕንድ፣ የዐረብና የአውሮፓ አሻራ እንደሚታይ። እዚያ ላይ ዝም እላለሁ። ከጠየቀኝ እቀጥላለሁ፤ ካልጠየቀኝ ወደ አንበሶቹ ቤት እንሄዳለን።