አሮጌ ዊንዶውስ ላይ አዲስ ብሮውዘር እንዴት ይጫናል?

ባሕር ዳር ፔዳና ፖሊ በሚባሉት የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች አካባቢ ባሉ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ዊንዶውስ 7 የጫነ ኮምፒውተር ማግኘት ዛሬም አይከብድም። ምክንያትም አለው። የፕሪንተሩ ድራይቨር የሚሠራው በእሱ ላይ ነው፣ ፓወር ግዕዙ ተጭኖ እጅ ለምዶታል፣ 2 ጊጋ ራም ያለው ማሽን ደግሞ ዊንዶውስ 10ን በቅጡ አይሸከምም። ችግር የሚመጣው ተማሪ አሳይመንቱን ከቴሌግራም ዌብ ወይም ከኢሜይሉ ላውርድ ሲል ነው። ገጹ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ወይም ቀይ ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ይህን ማስተካከል ይቻላል፤ ሥራው ግን ድረ ገጽ ከሚከፍተው ፕሮግራም፣ ከብሮውዘሩ፣ አይጀምርም።

መጀመሪያ ሰዓቱን ይዩ

ድረ ገጽ ሲከፈት ማንነቱን የሚመሰክር ሰርተፍኬት ይልካል። ሰርተፍኬቱ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ዕድሜው አጭር ነው፣ ብዙዎቹም 90 ቀን ብቻ ይቆያሉ። ብሮውዘሩ ያንን ቀን የሚያመሳክረው ከኮምፒውተሩ ቀን ጋር ነው። የኮምፒውተሩ ቀን ከተሳሳተ ጤነኛ ገጽ ሁሉ ሐሰተኛ መስሎ ይታየዋል። የትኛውንም ብሮውዘር ቢጭኑ ለውጥ የለውም።

እኛ ዘንድ ይህ ስሕተት የሚበዛው በዘመን አቆጣጠር ምክንያት ነው። ቀን የሚያስተካክለው ሰው በለመደው ዓመተ ምሕረት 2018 ብሎ ይሞላል። ኮምፒውተሩ ግን በፈረንጅ ስለሚቆጥር 7 ወይም 8 ዓመት ወደኋላ ይቀራል፤ ዛሬ የተሰጠ ሰርተፍኬት ሁሉ «ገና አልጀመረም» ይባላል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን ኮምፒውተሩ ላይ መነበብ ያለበት 9:00 AM ነው። በ6 ሰዓት መዛነፍ ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ በዚያው ቀን የታደሰ ሰርተፍኬት ሲያጋጥም ግን አያልፍም።

ስለዚህ ሰዓቱን ተጭነው የቀንና ሰዓት ማስተካከያውን ይክፈቱ። የጊዜ ክልሉን «ናይሮቢ» የሚለው ላይ ያድርጉ፤ ከእኛ ጋር እኩል፣ ሲደመር 3 ነው። ቀጥሎ ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር በእጅ ይሙሉ። «ኢንተርኔት ታይም» ገብተው «አፕዴት ናው» የሚለውን የሚጫኑት ከዚህ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ፤ ዊንዶውስ ልዩነቱ ከ15 ሰዓት ከበለጠ ከኢንተርኔት የመጣለትን ሰዓት አይቀበልም። ብዙ ሰው አፕዴቱን ደጋግሞ ተጭኖ «አልሠራም» ብሎ የሚተወው በዚህ ነው።

አስተካክለው በማግስቱ ቀኑ ተመልሶ ከተበላሸ የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቋል ማለት ነው። ማታ ማከፋፈያው ተነቅሎ በሚያድር ወይም መብራት በሚመላለስበት ቤት ይህ ባትሪ ብዙ ይሠራል። መጠኑ ሲአር 2032፣ ጉልበቱ 3 ቮልት ነው፤ በመልቲሜትር ተለክቶ ከ2.7 በታች ካሳየ ይቀይሩት። ማሽኑን ያጥፉ፣ ገመዱን ይንቀሉ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭነው የቀረውን ኃይል ያስወጡ፣ ከዚያ ባትሪውን ይዞ ያለውን ትንሽ ብረት ገፋ ያድርጉት። የአዲሱ የመደመር ምልክት ወደ ላይ ይሁን። ከመንቀልዎ በፊት የባዮስን (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚሠራውን የማዘርቦርድ ፕሮግራም) ገጾች፣ በተለይ የሃርድ ዲስኩን አሠራር የሚያሳየውን ገጽ፣ በስልክ ፎቶ አንሥተው ይያዙ። ባትሪው ሲወጣ ባዮሱ ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ሊመለስ ይችላል፤ የሳታ ምርጫው (የሃርድ ዲስኩ አሠራር) ከኤኤችሲአይ ወደ አይዲኢ ወይም በተቃራኒው ከተለወጠ ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን እያሳየ ደጋግሞ ይነሣል። ዲስኩ የተቃጠለ መስሎት ፎርማት ያደረገ ሰው ፋይሉን በከንቱ ያጣል።

አፕዴቶቹ

«ኮምፒውተር» የሚለው ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገው «ፕሮፐርቲስ» ይክፈቱ። «ሰርቪስ ፓክ 1» የሚል ከሌለ መጀመሪያ እሱን ይጫኑ፤ ቁጥሩ ኬቢ 976932 ነው። ለ64 ቢት 900 ሜጋባይት ገደማ፣ ለ32 ቢት 540 ገደማ ስለሆነ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ያውርዱት። ሲጫን መብራት ቢሄድ ዊንዶውሱ ሊበላሽ ስለሚችል ያለ ዩፒኤስ ወይም ያለ ላፕቶፕ ባትሪ አይጀምሩት።

ከዚያ ኬቢ 4490628ን፣ ቀጥሎ ኬቢ 4474419ን ጭነው ሬስታርት ያድርጉ። የዛሬ ፕሮግራሞች ሻ 2 በሚባል ዘዴ የተፈረሙ ናቸው፤ ያለእነዚህ አፕዴቶች ዊንዶውስ 7 ፊርማውን አያውቀውም። ሁለቱም ማይክሮሶፍት አፕዴት ካታሎግ ላይ በነፃ ይገኛሉ። አሮጌው ብሮውዘር ገጹን አልከፍት ካለ በስልክ አውርደው በኬብል ያስተላልፉ። ከቤት ቤት የሚዞር ፍላሽ ቫይረስ ስለሚያመላልስ ኬብሉ ይሻላል።

የትኛው ብሮውዘር?

ክሮም ለዊንዶውስ 7፣ 8 እና 8.1 የሠራው የመጨረሻ ቅጂ 109 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ ቆሟል። ኤጅም በ109 ነው የቆመው። ከ110 ጀምሮ ያለው ክሮም ዊንዶውስ 10 ይፈልጋል። ብዙ ሰው ከሌላ ኮምፒውተር የአዲሱን ክሮም ፎልደር ገልብጦ ይሞክራል። ሲከፍተው «ፕሮሰስ ፒአርኤንጂ» የሚባል ነገር ቢክሪፕት ፕሪሚቲቭስ በሚባለው ዲኤልኤል (ፕሮግራሞች የሚጋሩት የዊንዶውስ ፋይል) ውስጥ አልተገኘም የሚል መልእክት ይወጣል። ፕሮግራሙ የሚጠራው አገልግሎት ዊንዶውስ 7 ውስጥ ጭራሹን የለም ማለት ነው። የጎደለችውን ዲኤልኤል ከየድረ ገጹ አውርዶ ሲስተም 32 ውስጥ መክተት መፍትሔ አይደለም፤ አንዱን ሲሞሉ ሌላው ይጎድላል፣ በዚያ መንገድ የሚመጣ ፋይልም ቫይረስ ሊሆን ይችላል። «ለዊንዶውስ 7 የተሻሻለ ክሮም» እያሉ በቴሌግራም ቻናል የሚለቁትንም አይንኩ።

ለዊንዶውስ 7 የመጀመሪያ ምርጫዬ ፋየርፎክስ 115 ኢኤስአር፣ ማለትም ለረጅም ጊዜ የሚደገፈው ቅጂ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 የወጣ ሲሆን ሠሪው ሞዚላ ለአሮጌ ዊንዶውሶች የደኅንነት ማስተካከያውን ጊዜ ደጋግሞ አራዝሞለታል። ሲያወርዱ ትንሿን ኢንስቶለር ሳይሆን ሙሉውን ይያዙ፤ ትንሿ ስትከፈት የቀረውን ከኢንተርኔት ስለምትስብ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ከመሐል ትቆማለች። በ115 ቅጂዎች ውስጥም ልዩነት አለ። ከ115.13 በፊት ያለው እ.ኤ.አ. መጋቢት 14 ቀን 2025 ጊዜው ያለፈበት ሰርተፍኬት ስለያዘ አድኦኖቹ (ብሮውዘሩ ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች) ሊቆሙበት ይችላሉ፤ እንዲህ ያለውን ወደ መጨረሻው ያሳድጉት።

ክሮም ብቻ የሚቀበል ገጽ ከገጠመዎ ሱፐርሚየም አለ። የክሮም መሠረት በሆነው በአዲሱ ክሮሚየም ላይ ተሠርቶ ለአሮጌ ዊንዶውስ እንዲሆን የተስተካከለ ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ጭምር ይሄዳል፤ ሰርቪስ ፓክ 3 ግን ይፈልጋል፣ ፕሮሰሰሩም ኤስኤስኢ 2 የሚባለው የትእዛዝ ስብስብ ያለው ይሁን። ፔንቲየም 4 ይህ አለው፣ ፔንቲየም 3 የለውም። ጀርባው ላይ ትልቅ ድርጅት ስለሌለ የሚወርደው ከራሱ ከሠሪው ገጽ ብቻ ነው።

ኤክስፒ ላይ አማርኛው ሁሉ አራት ማዕዘን ሆኖ ከታየ ብሮውዘሩ አልተበላሸም። ኤክስፒ የግዕዝ ፊደል ይዞ አይመጣም፤ አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባለውን ነፃ ፊደል አውርደው ኮንትሮል ፓነል ውስጥ «ፎንትስ» ላይ ይጣሉት። ዊንዶውስ 7 ኒያላን ስለያዘ ይህ አይገጥመውም።

ከጫኑ በኋላ

መስኮቱ ጥቁር ወይም ነጭ ሆኖ ከቀረ ችግሩ የግራፊክስ ድራይቨሩ እርጅና ነው። ከብሮውዘሩ ሴቲንግ «ሃርድዌር አክሰለሬሽን» የሚለውን አጥፍተው እንደገና ይክፈቱት። ዩብሎክ ኦሪጂንን ይጨምሩ፤ ማስታወቂያውን ሲከለክል ራምም የሞባይል ዳታም ይቆጥባል። 2 ጊጋ ራም ላይ ከአራት አምስት ታብ በላይ አይክፈቱ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር። ዊንዶውስ 7 የማይክሮሶፍት ነፃ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ጥር 14 ቀን 2020 አብቅቷል። ብሮውዘሩ አዲስ ቢሆንም ከሥሩ ያለው ሥርዓት ክፍተቱ አይደፈንም። የደንበኛ የይለፍ ቃል በዚህ ማሽን አያስቀምጡ፤ የባንክ ሒሳብና የሞባይል ገንዘብም አይክፈቱበት፤ ለዚያ ስልክ ይጠቀሙ። ደንበኛ ኢሜይሉን ከፍቶ ሲጨርስ ዘግቶ መውጣቱን አይተው ያረጋግጡለት።

ማሽኑ 64 ቢት ከሆነና ቢያንስ 2 ጊጋ ራም ካለው በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራውን ነፃ ሥርዓት፣ ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢን፣ በ8 ጊጋ ፍላሽ ላይ ጽፈው ሳይጭኑት መሞከር ይችላሉ። ፍላሹን የሚጽፈው ሩፈስ የሚባለው ፕሮግራም ነው፤ ዊንዶውስ 7 ላይ የሚሠራው የመጨረሻ ቅጂው 3.22 ነው፤ አዲሱ አይከፈትም። ከፍላሹ አስነሥተው ፕሪንተሩን ይሰኩና አንድ ገጽ ያትሙ። ከወጣ ፋይሎችዎን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጠው ይጫኑት፤ ካልወጣ ፍላሹን ነቅለው ሬስታርት ሲያደርጉ ዊንዶውሱ እንደነበረ ይመለሳል።