ሃይብሪድ ይሻላል ዲዝል? ከመግዛታችሁ በፊት እንዴት እንደምታሰሉት

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ታክሲ ወይም ኡበር የሚሠሩ ሐበሾች ከተገናኙ ወሬው ዞሮ ዞሮ ፕሪየስ ላይ ያርፋል፤ በቤንዚንም በባትሪም የምትሄደው የቶዮታ ሃይብሪድ ማለት ነው። «በጋሎን ስንት ትሄድልሃለች?» መልሱ ግን ከሰው ሰው ይለያያል። ያው መኪና የአንዱን ኪስ ሲያሳርፍ ለሌላው ያን ያህል አይጠቅምም። ልዩነቱን የሚያመጣው የምትውሉበት መንገድ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት እንዲህ አድርጉ።

መጀመሪያ አሁን የምትነዱት መኪና ምን ያህል እንደሚበላ ለኩ። ማደያ ገብታችሁ ሙሉ። እጀታው ራሱ ቀጭ ብሎ ሲያቆም ይበቃል፤ ሒሳቡን ድፍን ለማድረግ ብላችሁ አትጨምሩ። ማይሉን በስልክ ፎቶ አንሱና እንደወትሮው ንዱ። ሊያልቅ ሲል እዚያው ማደያ ተመልሳችሁ እንደገና ሙሉ። 310 ማይል ሄዳችሁ 12.4 ጋሎን ከገባ፣ በጋሎን 25 ማይል ማለት ነው። ሦስቴ ደጋግማችሁ አማካዩን ያዙ። የዳሽቦርዱን ቁጥር አትመኑ፣ ብዙ ጊዜ ትንሽ ያጋንናል።

በዚያው ሳምንት ስንቱን ማይል ከተማ ውስጥ፣ ስንቱን ሃይዌይ ላይ እንደነዳችሁ መዝግቡ። ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። የ2010 ፕሪየስ በአሜሪካ መንግሥት መለኪያ ከተማ ውስጥ በጋሎን 51፣ ሃይዌይ ላይ 48 ማይል ይሄዳል። የዚያው ዓመት የቮልስዋገን ዲዝል ጄታ ደግሞ ከተማ ውስጥ 30፣ ሃይዌይ ላይ 42 ነው። ሃይብሪድ ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር ባትሪውን ይሞላል፤ መብራት ላይ ስትቆሙም ሞተሩ ይጠፋል። መንገድ ሲዘጋጋ ሌላው መኪና ነዳጁን ዝም ብሎ ሲያቃጥል እሱ ይቆጥባል። ዲዝል ረጅም መንገድ ይወዳል። የጭሱን ጥቀርሻ የሚይዝ ማጣሪያ አለው፤ ያ ማጣሪያ የሚጸዳው መኪናው በደንብ ሞቆ ሲሮጥ ነው። ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ፣ ሱቅ ደርሶ ለሚመለስ ሰው ዘመናዊ ዲዝል አልመክርም። ማጣሪያው ይደፈንና ያተረፋችሁትን ጋራዥ ይወስደዋል።

ቀጥሎ ሒሳቡ። ዓመቱን ሙሉ 12,000 ማይል የምትነዱ ከሆነ፣ በጋሎን 25 የሚሄደው መኪናችሁ 480 ጋሎን ይጠጣል። 50 የሚሄደው 240 ይበቃዋል። ቤንዚን 3.50 ዶላር ነው ብንል በዓመት 840 ዶላር ይተርፋል። ሃይብሪዱ 3,000 ዶላር ከበለጠ ልዩነቱን ለመመለስ ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ይፈጃል። 40,000 ማይል ለሚነዳ ባለታክሲ ግን ዓመት ከትንሽ ነው። ዲዝል ስታሰሉ አሜሪካ ውስጥ ናፍጣ አብዛኛውን ጊዜ ከቤንዚን እንደሚወደድ አትርሱ። ከ2009 እስከ 2015 የተሠራ የቮልስዋገን ዲዝል ከሆነ ደግሞ የጭሱ ማስተካከያ እንደተሠራለት ወረቀቱን ጠይቁ። ኩባንያው በ2015 የጭስ ምርመራውን ሲያጭበረብር የተያዘው በነዚሁ ሞዴሎች ነው።

ሒሳቡ ሃይብሪድ ካላችሁና ከ2004 እስከ 2015 የተሠራ ያገለገለ ፕሪየስ ልታዩ ከሄዳችሁ፣ መጀመሪያ የኋላውን በር ክፈቱ። ከወንበሩ በስተቀኝ በኩል የአየር ማስገቢያ ወንፊት አለ። የትልቁ ባትሪ ማቀዝቀዣ የሚተነፍሰው በሱ ነው። ጣታችሁን አስገብታችሁ ዳብሱት። አቧራና የውሻ ጸጉር ከጠቀጠቀው ባትሪው ሙቀት ሲበላው ኖሯል ማለት ነው። ባትሪው 14 ብሎክ (ክፍል) አለው፤ ኮምፒውተር ያለው መካኒክ የእያንዳንዱን ቮልቴጅ ያነብላችኋል። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ዝቅ ካለ ሻጩ ምንም ቢቀንስላችሁ አትቸኩሉ።

ከ2010 እስከ 2015 ባሉት ላይ ሌላም ነገር አለ፤ የቴስታታው ጋስኬት፣ ማለትም የራዲያተሩ ውሃ ወደ ሲሊንደር እንዳይገባ የሚያትመው። ሻጩን ቀድማችሁ «እኔ ሳልመጣ እንዳታስነሳው» በሉት። ጠዋት ሂዱና ቦኔቱን በእጃችሁ ዳብሱት፣ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። የራዲያተሩን ውሃ ልክ እዩ። ከዚያ አስነሱት። ሞተሩ ሲነሣ ለጥቂት ሰከንድ ከተንቀጠቀጠና ካንኳኳ፣ ሌሊቱን ውሃው ወደ ሲሊንደር ሲገባ አድሮ ሊሆን ይችላል። ሻጩ «ብርዱ ነው» ቢላችሁም አመስግናችሁ ቁልፉን መልሱ።