ሁሉም ነገር ስትሪንግ አይደለም፦ የሃስኬል ጀማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ ሊማር የሚነሳ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው የሞናድን (ስሌቶችን እያያያዙ የማስኬጃ ስልት) አስፈሪነት ነው። ሃስኬል በሚባለው የፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ጀማሪዎች የጻፉትን ኮድ ሳርም ግን በሞናድ የተሰናከለ ሰው የማገኘው ከስንት አንዴ ነው። የሚበዙት ከዚያ ብዙ ቀድመው፣ የዳታ ዓይነት ሲመርጡና ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚለውጠውን ኮምፓይለር ሲጭኑ ይወድቃሉ። ሞናድ ጋ የሚደርሱት ደክመውና ተማርረው ስለሆነ ጥፋቱ ሁሉ በእሱ ይላከካል። ከታች የዘረዘርኳቸው ስህተቶች ክብደታቸው እኩል አይደለም። አንዳንዶቹን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፋቸዋለሁ፤ የመጀመሪያው ላይ ግን ትዕግሥቴ አልቋል።

ሁሉንም ነገር በስትሪንግ መያዝ

ጀማሪው የትዕዛዝ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ይጽፋል እንበል። አንድ ትዕዛዝ ያልተከፈለበት፣ የተከፈለበት፣ የተላከ ወይም የተሰረዘ ሊሆን ይችላል። አራት ሁኔታ ነው፤ አምስተኛ የለም። ሃስኬል ውስጥ አራት ኮንስትራክተር (ለእያንዳንዱ ሁኔታ አንድ ስም) ያለው የዳታ ዓይነት ለማወጅ አንድ መስመር ይበቃል። ጀማሪያችን ግን ሁኔታውን የሚይዘውን ፊልድ ስትሪንግ፣ ማለትም ተራ ጽሑፍ፣ ያደርገዋል። ለምን ሲሉት «ለጊዜው ይቅለለኝ ብዬ ነው» ይላል። ከዚያ አንድ ቦታ «ተከፍሏል» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላ ቦታ «ተከፍሎአል» ከሚል ጋር ያነጻጽራል፤ ሦስተኛው ቦታ ላይ ከቃሉ ኋላ ባዶ ቦታ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ኮምፓይለሩ ሦስቱንም ዝም ብሎ ያሳልፋል። ምን ያድርግ? ስትሪንግ ነው የተባለው፣ ስትሪንግ ነው የቀረበለት።

አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ውስጥ የተሰረዙ ትዕዛዞች እንዳልተሰረዙ ተቆጥረው እየተላኩ አስቸገሩ። ኮዱን የጻፈው ልጅ የዳታቤዙን ግንኙነት መረመረ፣ ሰርቨሩን አጥፍቶ አስነሳ፣ በኔትወርኩም ሳይቀር ጣቱን ቀሰረ። ጉዳዩ ግን አንዱ ፋይል ውስጥ «ተሰርዟል»፣ ሌላው ውስጥ «ተሠርዟል» ተብሎ መጻፉ ነበር። አማርኛ አንባቢ ሁለቱን አንድ አድርጎ ያነባቸዋል፤ ዓይን ሳይቆም ያልፋቸዋል። ለኮምፒውተሩ ግን «ሰ» በዩኒኮድ 4656፣ «ሠ» ደግሞ 4640 ነው፤ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች፣ ስለዚህም ሁለት የተለያዩ ቃላት። ሁኔታው የራሱ ዓይነት ኖሮት ቢሆን የኮንስትራክተሩን ስም የሳተ ሰው ኮምፓይል ሲያደርግ እዚያው ይያዝ ነበር። ዋናው የሃስኬል ኮምፓይለር ጂኤችሲ ደግሞ ስሙን አላውቀውም ብሎ ብቻ አይተውም፤ የሚቀራረብ ስም ካገኘ «ምናልባት ይህን ማለትህ ነው?» ብሎ ያቀርብለታል።

ስትሪንግ የሚገባው ማንም ምንም ሊጽፍበት ለሚችል ነገር ነው፦ ለአስተያየት፣ ለማስታወሻ፣ ለሰው ስም። ሊይዝ የሚችለው ነገር በጣት የሚቆጠር ከሆነ ቆጥራችሁ የዳታ ዓይነት አድርጉት። ከውጭ በጽሑፍ መልክ ቢመጣም በር ላይ አንድ ጊዜ ወደ ዓይነቱ ቀይራችሁ አስገቡት እንጂ ጽሑፉን እንዳለ እስከ ጓዳ ድረስ ይዛችሁ አትዙሩ።

ዓይነቱን በትክክል ካወጁ በኋላ ጥቅሙን መልሰው የሚጥሉም አሉ። ፓተርን ማቺንጉን፣ ማለትም ለየኮንስትራክተሩ የሚሰጠውን መልስ፣ ሲጽፉ ለሁለቱ ኮንስትራክተሮች መልስ ይሰጡና የቀሩትን በአንዲት የግርጌ ሰረዝ (_) ጠቅልለው ያልፋሉ። ውሎ አድሮ «ተመላሽ» የሚል አምስተኛ ሁኔታ ሲጨመር ሰረዟ እሱንም ዋጥ ታደርገዋለች። ሰረዟ ባትኖርና ማስጠንቀቂያው ቢበራ ኖሮ ጂኤችሲ መስተካከል ያለበትን እያንዳንዱን ቦታ ከነመስመር ቁጥሩ ይዘረዝር ነበር። ማስጠንቀቂያው ቢበራ ያልኩት ያለምክንያት አይደለም፤ ያልተሟላ ፓተርን በነባሪው ቅንብር ጭጭ ተብሎ ይታለፋል። ደብልዩ-ኦል (-Wall) የሚባለውን ምርጫ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የፕሮጀክቱ ቅንብር በሚጻፍበት የካባል (የሃስኬል ፕሮጀክት መገንቢያ) ፋይል ውስጥ አስገቡ።

ታይፕ የሚለው ቃል ይጠብቀኛል ብሎ ማመን

የደንበኛ መለያ ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ነው፣ የትዕዛዝ መለያም ኢንት ነው። ጀማሪው ሁለቱን በታይፕ (type) የየራሳቸው ስም ይሰጣቸውና ተለያዩ ብሎ ይተኛል። ታይፕ ቅጽል ስም ብቻ ነው። አንዱን በሌላው ቦታ ብታስገቡት ኮምፓይለሩ ቅንድቡን እንኳ አያነሳም። የምትፈልጉት ኒውታይፕን (newtype) ነው፤ ኮምፓይል ሲደረግ ሁለቱን ለይቶ ይይዛል፣ ፕሮግራሙ ሲሠራ ደግሞ መጠቅለያው ስለሚጠፋ ዋጋ አያስከፍልም።

የአማርኛ ጽሑፍ ሳይበላሽ መደንገጥ፣ ሲበላሽ ደግሞ አለማየት

ኮድ ጽፎ ወዲያው በሚሞከርበት ጂኤችሲአይ (GHCi) ላይ «ሰላም» የሚል ስትሪንግ ጽፋችሁ ኢንተር ስትጫኑ \4656\4619\4637 የሚል ነገር ይመልስላችኋል። ምንም አልተበላሸም። ጂኤችሲአይ ዋጋን ለማሳየት ሾው የተባለውን ፈንክሽን ስለሚጠቀም፣ ሾው ደግሞ ከአስኪ (ከመሠረታዊው የእንግሊዝኛ ፊደላት ሰንጠረዥ) ውጭ ያለውን ፊደል ሁሉ በቁጥሩ ስለሚያሳይ ነው። ፑት-ስትር-ኤልኤን (putStrLn) ብላችሁ አትሙት፤ ፊደሉ እንዳለ ይወጣል። በዚህ ምክንያት «ሃስኬል አማርኛ አይችልም» ብሎ ትምህርቱን ሊተው የነበረ ሰው አጋጥሞኛል።

እውነተኛው ብልሽት ሌላ ቦታ ነው፣ እሱም ድምፅ የለውም። ባይትስትሪንግ ጥሬ ባይት የሚይዝ ዓይነት ነው፤ ቻር8 በሚባለው ሞጁሉ ውስጥ ፓክ የተባለ ፈንክሽን አለ። ጀማሪዎች ከኢንተርኔት የተገኘ ምሳሌ ሲገለብጡ ይዘውት ይመጣሉ። ይህ ፈንክሽን የእያንዳንዱን ፊደል ቁጥር ወደ አንድ ባይት ይቆርጠዋል። ስለዚህ ከ«ሰላም» የሚተርፉት 48፣ 11 እና 29 ናቸው። 48 በአስኪ ዜሮ የተባለችው አኃዝ ናት፤ የቀሩት ሁለቱ የማይታዩ የመቆጣጠሪያ ምልክቶች ናቸው። ሰላምታችሁ ዜሮ ሆነ ማለት ነው። ስህተትም፣ ማስጠንቀቂያም አይመጣም። ኦቨርሎድድ ስትሪንግስ የተባለውን ኤክስቴንሽን አብርታችሁ በኮዱ ውስጥ የጻፋችሁት ጽሑፍ የባይትስትሪንግ ዓይነት እንዲኖረው ብታደርጉም የሚደርስበት ያው ቁረጣ ነው።

መንገዱ እንዲህ ነው፦ ጽሑፍን በቴክስት፣ ለጽሑፍ በተሠራው ዓይነት፣ ያዙ፤ ወደ ፋይል ወይም ወደ ኔትወርክ ሲወጣ ብቻ በዩቲኤፍ-8 ኢንኮድ አድርጋችሁ ወደ ባይትስትሪንግ ለውጡት። ያን ጊዜ «ሰላም» ሦስት ፊደል ሆኖ ዘጠኝ ባይት ይሆናል፤ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳልና። ርዝመቱን ዘጠኝ የሚል ካያችሁ የምትቆጥሩት ባይት እንጂ ፊደል አይደለም። ነባሩ ስትሪንግ ደግሞ የፊደላት ሊስት ስለሆነ በ64 ቢት ኮምፒውተር ላይ ለእያንዳንዱ ፊደል የሊስቱ ቋጠሮ ብቻ 24 ባይት ይወስዳል። ለአጭር መልመጃ አይጎዳም፤ ትልቅ ፋይል ስታነቡ ግን ሜሞሪው ወዴት እንደሄደ አትጠይቁኝ።

ቁጥርን ሁሉ ኢንት ማድረግ

የ20 ፋክቶሪያል ኢንት ውስጥ ይገባል። የ21 ግን አይገባም፤ መልሱም -4249290049419214848 ሆኖ ይወጣል። ፋክቶሪያል ኔጌቲቭ መሆኑን እያየ «ኮዴ ይሠራል» ያለኝ ሰው አለ። ገደብ የሌለው ቁጥር ከፈለጋችሁ ኢንቲጀር አለላችሁ።

ከዚህ የሚብሰው ሙሉ ቁጥርን ወደ ሌላ የቁጥር ዓይነት የሚለውጠውን ፍሮም-ኢንተግራልን እንደ ማስታገሻ መዋጥ ነው። አማካይ ለማውጣት ድምሩን በሊስቱ ርዝመት ሲያካፍሉ ኮምፓይለሩ ይቆጣል፤ ርዝመቱ ኢንት ነውና ማካፈያው አይቀበለውም። እዚያ ላይ ፍሮም-ኢንተግራል ትክክለኛ መፍትሔ ነው። ችግሩ ያ አንዴ ከሠራ በኋላ ኮምፓይለሩ በተቆጣ ቁጥር ያንኑ እየበተኑ መሄዳቸው ነው። 300ን በፍሮም-ኢንተግራል ከ0 እስከ 255 ብቻ ወደሚይዘው ወርድ8 ብትለውጡት 44 ይሆናል፣ ያለ አንዳች ወቀሳ። ለገንዘብ ባለነጥብ ቁጥር የሚይዘውን ዳብልን አትጠቀሙ፤ 0.1 ሲደመር 0.2 ምን እንደሚል ጂኤችሲአይን ራሱን ጠይቁት።

ሄድ እና ፍሮም-ጀስት

የሊስትን የመጀመሪያ አባል የሚያወጣው ሄድ ባዶ ሊስት ሲሰጠው ፕሮግራሙን ይገድላል፤ ሊኖርም ላይኖርም ከሚችል ነገር ውስጥ ዋጋውን የሚያወጣው ፍሮም-ጀስትም ናቲንግ (ዋጋ የለም) ሲገጥመው እንዲሁ። «እዚህ ጋ ባዶ ሊሆን አይችልም» የምትሉ ከሆነ ያንን በኖንኤምፕቲ (ባዶ የማይሆን ሊስት) ዓይነት ለኮምፓይለሩ ንገሩት፤ ለእኔ አትንገሩኝ። ከጂኤችሲ 9.8 ጀምሮ ሄድን ወይም ከመጀመሪያው አባል ሌላ የቀረውን የሚሰጠውን ቴይልን ስትጠቀሙ ኮምፓይለሩ ራሱ ያስጠነቅቃል።

ሦስት ኮምፓይለር ጭኖ የትኛው እንደሚሠራ አለማወቅ

መጀመሪያ በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ፓኬጅ አስተዳዳሪ አንድ ጂኤችሲ ይጫናል። ቀጥሎ አንድ መመሪያ ያዘዘው የሃስኬል መጫኛ ጂኤችሲአፕ ሌላ ያመጣል። ከዚያ ስታክ የሚባለው ሌላው የፕሮጀክት መገንቢያ የራሱን ያወርዳል። ሦስቱ ቨርዥናቸው ይለያያል፤ ኤዲተሩ ውስጥ ስህተት የሚጠቁመው የሃስኬል ላንጉዌጅ ሰርቨር ደግሞ አራተኛ ቨርዥን ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ ኤዲተሩ በቀይ ያሰመረበት ኮድ ተርሚናል ላይ በሰላም ኮምፓይል ይሆናል፣ ወይም በግልባጩ። በጂኤችሲአፕ ብቻ ጫኑ፣ ሌላውን አጥፉ፤ ቨርዥን ስትመርጡም አዲስ የወጣውን ሳይሆን ጂኤችሲአፕ «የሚመከር» ብሎ ምልክት ያደረገበትን ያዙ።

ቤዝ የሚባለው ላይብረሪ ከኮምፓይለሩ ጋር ተጣምሮ እንደሚመጣም እወቁ። ጂኤችሲ 9.4 ከቤዝ 4.17፣ ጂኤችሲ 9.6 ደግሞ ከቤዝ 4.18 ጋር ይሄዳል። ካባል የቤዝን ቨርዥን ማስማማት አልቻልኩም ሲል ሌላ ቤዝ ለማውረድ አትታገሉ። መቀየር ያለበት ወይ ኮምፓይለሩ ነው፣ ወይ በካባል ፋይሉ ላይ የጻፋችሁት ገደብ ነው።

ላይብረሪን በካባል ኢንስቶል መጫን

ከሌላ ቋንቋ የመጣ ሰው እጁ የለመደው ስለሆነ አልፈርድበትም። ካባል ኢንስቶልን ከሊብ (--lib) ምርጫ ጋር ስትጠቀሙ ግን የግል ፎልደራችሁ ውስጥ ጂኤችሲ በሚባል ስውር ፎልደር ሥር የሚታዩትን ፓኬጆች የሚዘረዝር የኤንቫይሮመንት ፋይል ይጻፋል። ጂኤችሲን ወይም ጂኤችሲአይን ከፕሮጀክት ውጭ ባስነሳችሁ ቁጥር ያ ፋይል ሳትጠሩት ይነበባል። ከወራት በኋላ ሌላ ሥራ ላይ ሆናችሁ «ፓኬጁ ተደብቋል» ወይም «አልተገኘም» የሚል መልእክት ሲመጣ ፋይሉን ማን ያስታውሰዋል? በዚህ ተማርሮ ኮምፒውተሩን ከነኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እንደገና የጫነ ተማሪ አውቃለሁ። የግል ፎልደሩን ከመጠባበቂያ ቅጂ እንዳለ ስለመለሰው ችግሩም አብሮ ተመለሰለት። ፋይሉን ማጥፋት ብቻ ይበቃው ነበር። ላይብረሪ ስትፈልጉ ስሙን በካባል ፋይሉ ውስጥ ቢልድ-ዲፔንድስ ከሚለው ሥር ጻፉ፤ የቀረውን ካባል ቢልድ ያደርገዋል።

የስህተት መልእክትን ከመጨረሻው መጀመር

ተርሚናሉ ወደ ታች ስለሚንሸራተት ጀማሪው ዓይኑ ያረፈበትን የመጨረሻውን መልእክት ያነባል። ወደ ላይ ውጡ። አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ሲስተካከል ሌሎቹ አብረው ይጠፋሉ።

መልእክቱ የማይገባችሁ ከሆነ ደግሞ ለፈንክሽኖቻችሁ የዓይነት ፊርማ (ምን እንደሚቀበሉና ምን እንደሚመልሱ የሚናገር መስመር) ጽፋችሁላቸው እንደሆነ ተመልከቱ። ፊርማ ከሌለ ኮምፓይለሩ ዓይነቱን በራሱ ይገምታል፤ ግምቱ እናንተ ካሰባችሁት ቢለይም እሱ ይቀጥላል፣ ስህተቱም ከተሠራበት ቦታ ርቆ ሌላ ፈንክሽን ውስጥ ብቅ ይላል። ምን መጻፍ እንዳለባችሁ ግራ ሲገባችሁ በቦታው የግርጌ ሰረዝ ብቻ አስቀምጡና ኮምፓይል አድርጉ። ኮምፓይለሩ እዚያ ቦታ ምን ዓይነት እንደሚያስፈልግ፣ በአካባቢው ያሉት ስሞች ምን ምን ዓይነት እንደሆኑ፣ የትኛው ሊገጥም እንደሚችል ጭምር ይነግራችኋል። ይህን ለጀማሪ ሳሳየው ፊቱ ላይ የማየው ነገር የማስተማሩን ድካም ያስረሳኛል።

ፈንክሽንን በዓይነቱ የሚፈልገውን ድረ ገጽ፣ ሁግልን፣ አለመጠቀምም የዚሁ ዘመድ ነው። የሊስትን እያንዳንዱን አባል እየለወጠ ውጤቱ ናቲንግ የሆነውን የሚጥል ፈንክሽን በአሥራ ሁለት መስመር የጻፈ ሰው የፈንክሽኑን ዓይነት ሁግል ላይ ቢጽፍ ኖሮ ማፕ-ሜይቢ በራሱ ጊዜ ይወጣለት ነበር።

ሊስትን ወደ አንድ ዋጋ የሚጠቀልለው ፎልድ-ኤል (foldl) ረጅም ሊስት ለመደመር አይደለም፤ ጭረት ያለበትን ወንድሙን (foldl') ተጠቀሙ። ከጂኤችሲ 9.10 ወዲህ ያለ ኢምፖርት ይገኛል።

በመጨረሻም «ሃስኬል ቀርፋፋ ነው» ብላችሁ ወደ እኔ ከመምጣታችሁ በፊት የለካችሁት በምን እንደሆነ አረጋግጡ። ጂኤችሲአይ የጫናችሁለትን ኮድ በነባሪው ኦፕቲማይዝ ሳያደርግ እየተረጎመ ነው የሚያስኬደው። በኦ2 (-O2 በሚባለው የማፍጠኛ ምርጫ) ኮምፓይል አድርጉት፣ እንደገና ለኩ፣ ቅሬታችሁ ከዚያም በኋላ ካለ ቁጥሩን ይዛችሁ ኑ።