ቢሮ የሚበር፣ ፒያሳ የሚሞት ፕሮግራም

ለአንድ የፒያሳ ፎቶ ቤት የሠራነው የፎቶ ማሳነሻ ፕሮግራም ቢሮ ላይ ይበራል። እዚያ ሲከፈት ግን ወዲያው ድርግም። የሚቀረው «ኢሊጋል ኢንስትራክሽን» (ፕሮሰሰሩ የማያውቀው ትእዛዝ) የሚል መስመር ብቻ። ባለቤቱ ሊኑክስ ያስጫኑት ቫይረስ አማሯቸው ነው። «ልጄ፣ ደግሞ መጣ እንዴ?» አሉኝ።

ቫይረስ አልነበረም። ፕሮግራሙ ሲገነባ፣ ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም ለሚቀይረው ለጂሲሲ የተሰጠው ትእዛዝ «ማርች ኔቲቭ» ነው። እሱ ደግሞ የሚገነባበትን ማሽን ፕሮሰሰር አይቶ ያገኘውን ሁሉ ይጠቀማል። የቢሮው ማሽን ኤቪኤክስ2 የሚባል፣ ብዙ ቁጥሮችን በአንዴ የሚያሰላ የፕሮሰሰር ትእዛዞች ስብስብ አለው፤ ኢንቴል በ2013 እ.ኤ.አ. ከሃስዌል ጋር ያወጣው ነው። የፎቶ ቤቱ ኮምፒውተር ሁለተኛ ትውልድ ኮር አይ3 ነው። «ኤልኤስሲፒዩ» ብዬ ፕሮሰሰሩ የሚችላቸውን ነገሮች ዝርዝር ሳይ የቀድሞው ኤቪኤክስ አለ፣ ኤቪኤክስ2 የለም። ፕሮግራሙ የሞተው ለዚህ ነው።

ማርች ኔቲቭን አወጣሁት። ግንባታው ባለ 64 ቢት የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ሁሉ ወደሚያውቁት ወደ መደበኛው ኤክስ86-64 ተመለሰ። ፍጥነቱስ? ጊዜው የት እንደሚጠፋ በሚያሳየው በፐርፍ ስለካው ጊዜውን የሚበላው ፎቶውን የሚያሳንሰው ሉፕ (እየተደጋገመ የሚሠራው የኮድ ክፍል) ነው። እሱን ለያዘው ፈንክሽን ብቻ «ታርጌት ክሎንስ» ጨመርኩ፤ ጂሲሲ የፈንክሽኑን ሁለት ቅጂ ይሠራል፣ አንዱ ለኤቪኤክስ2፣ አንዱ ለማንኛውም። ፕሮግራሙ ሲነሳ የሚሆነውን ራሱ ይመርጣል። ሌላውን ኮድ ለአዲስ ፕሮሰሰር ማሽሞንሞን፣ በእኔ እይታ፣ ትርፉ ድካም ነው።

አዲስ ነውና ሁሉም አለው ማለትም አይቻልም። የኢንቴል 11ኛ ትውልድ ዴስክቶፕ የኤቪኤክስ2 ተከታይ የሆነው ኤቪኤክስ-512 ነበረው፤ 12ኛው ላይ ኢንቴል ድጋፉን አነሳው።

ታርጌት ክሎንስ የአይፈንክ (ፕሮግራሙ ሲነሳ ቅጂውን የሚያስመርጠው ዘዴ) ድጋፍ ይፈልጋል። እኔ የሠራሁት ይህን ድጋፍ የሚሰጠው የሲ ቋንቋ ላይብረሪ፣ ግሊብሲ፣ ባለው ሊኑክስ ላይ ነው።